ይህ ቤት ስንት ክረምት አይቷል?

ጥር ላይ ነው፣ ደብረ ብርሃን። ሣሩ ገና ከውርጩ አልተላቀቀም። አንድ ለሽያጭ የቀረበ አዲስ ቤት ሊያዩ ባልና ሚስት መጥተዋል፤ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ አንድ አዛውንትም አብረዋቸው አሉ። ቤቱ ያምራል። ሴራሚኩ ፊት ያሳያል፣ የጂፕሰም ኮርኒሱ ዙሪያውን ተጊጧል፣ ቀለሙ ገና ይሸታል። ሚስትየው ወጥ ቤቱን ሦስት ጊዜ ተመላልሳ አየችው። አዛውንቱ ግን ወደ ውስጥ አልገቡም። ውጭ ጥግ ላይ ቆመው ግድግዳውን ሳይሆን መሬቱን ሲያዩ ቆዩና ሻጩን ጠሩት።

«ልጄ፣ ይህ ቤት ስንት ክረምት አይቷል?»

«አዲስ እኮ ነው አባቴ! መስከረም ላይ ተጀምሮ አሁን ነው ያለቀው።»

«እንግዲያው እዚች ጥግ ላይ አንዲት ጉድጓድ እንድቆፍር ትፈቅድልኛለህ?»

ሻጩ አዲስ መሆኑን እንደ መልካም ነገር ነበር የተናገረው። አዛውንቱ ደግሞ በዚያው ምክንያት ሰጉ። እዚያ ቆሜ ሁለቱንም ሰምቻለሁ፤ ጥያቄው ከዚያ ቀን ወዲህ አልለቀቀኝም። «አሠርቼ ልግባ ወይስ ያለቀ ልግዛ?» እያለ የሚጨነቅ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ክርክሩ በካሬ ዋጋ፣ በጊዜና በፕላን ምርጫ ላይ ይሽከረከራል። ስለ መሬቱ የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ጥጉ ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ

ሻጩ ትንሽ አመነታና ፈቀደ። ዶማና አካፋ መጣ። ጉድጓዱ ግድግዳውን ተጠግቶ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ተከፈተ። መጀመሪያ የብሎኬት ስብርባሪና የሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ ወጣ። ከዚያ ጥቁሩ አፈር ተጀመረ፤ ደርቆ በእንክብል በእንክብል የተሰነጠቀ፣ ዶማ ሲያርፍበት እንደ ሸክላ የሚሰበር። አዛውንቱ እየተንበረከኩ የድንጋይ ግንቡን በእጃቸው እየዳበሱ ወረዱ። ሜትር ሲዘረጉ ግንቡ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ አለቀ። ከሥሩ ያው ጥቁር አፈር ነው። መሬት የወደቀች የ8 ቁጥር ፌሮ ቁራጭ አንስተው ከድንጋዩ ሥር ወደ ጎን ገፏት፤ ያለ ምንም ችግር አንድ ስንዝር ገባች። ከአፈሩ ጭብጥ አንስተው ውሃ ጠብ አድርገው በጣታቸው አሹት። እንደ ሊጥ ተሳበ፣ ቀጭን ገመድ ሆነ፣ አልተበጠሰም።

«ዋልካ ነው» አሉና እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

«ንድፉ ላይ እኮ 1 ሜትር ከ50 ነው የሚለው» አለ ሻጩ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ያታለለ ሰው ገጽታ አልነበረውም። ቁፋሮውን በሜትር ዋጋ የያዘው ቡድን ሲቆፍር እሱ እንደማንኛውም ሻጭ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ፍለጋ ላይ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ሴራሚክ ላይ የወጣ ብር ቤቱን ያሸጣል፤ ዋልካውን ጠርጎ ለማውጣት የሚወጣው ብር ግን ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም። ስለዚህ ቁጠባው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከማይታየው ነው፤ ሰው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ምርጫውን እንዲህ ነው የማየው፦ መሠረቱ ክፍት በነበረበት ሳምንት የማን ዓይን ነበር? አሠርቶ የሚገባ ሰው ያን ሳምንት ቆሞ ማየት ይችላል። ያለቀ የሚገዛ ሰው ያን ሳምንት አምልጦታል፤ ያመለጠውን በሌላ መንገድ መልሶ ማግኘት አለበት። አሠርቼ ገባሁ የሚል ግን መሠረቱ ሲወጣ ያልነበረ ሰው፣ በራሱ ብር ያለቀ ቤት እንደገዛ ቁጠሩት።

ዋልካ ምን ያደርጋል?

የሰሜን ሸዋዋ የእነዋሪ ገበሬ ይህን አፈር ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። ክረምት ላይ ውሃ እንዳይተኛበት ሹሩቤ፣ ማለትም ከፍ ያለ መደብና ቦይ፣ አውጥቶ የሚዘራው ለዚህ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍተው በዚያ ምክንያት ነው። በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል መሠረት ሲወጣ አፈሩ እየተኮማተረ ነው። ቤቱ ከላዩ ይቀመጣል። ሰኔ ሲገባ ከቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር ቀድሞ ይርሳል፣ ያብጣል፣ ጥጎቹን ወደ ላይ ይገፋል፤ ከመሃል ያለው ግን ገና ደረቅ ነው። ግድግዳው ይህን አይችለውም። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለ እንደ ደረጃ የሚወጣው ስንጥቅ የዚህ ውጤት ነው። በሮቹ መዝጊያ ላይ ይይዛሉ። የወለሉ መሃል እየቆየ ይነፋል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንደሚባለው፣ የዋልካ ላይ ቤት ጉዱን የሚያወጣው ክረምቱን ጨርሶ ነው።

ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ቀላል ሙከራ አለ። ከታቀደው መሠረት ጥልቀት ላይ አፈር ይወሰድና በደንብ ይደርቃል፣ ይደቆሳል፣ በደቃቅ ወንፊት ይነፋል። ሚሊ ሊትር የተጻፈበት ቀጥ ያለ ባለ 100 መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ይደረጋል፣ ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር አፈር ቀስ እየተባለ ይጨመራል። 24 ሰዓት ተቀምጦ አፈሩ ስንት ሚሊ ሊትር ላይ እንደደረሰ ይነበባል። ከ15 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ አያሰጋም። 20 እና ከዚያ በላይ ከደረሰ፣ ማለትም አፈሩ እጥፍ ሆኖ ካበጠ፣ ያለ መዋቅር መሐንዲስ ምክር እዚያ ላይ ምንም አታቁሙ። ይህ የላቦራቶሪ ምርመራን አይተካም፤ ነገር ግን ላቦራቶሪ መሄድ እንዳለባችሁ በአንድ ቀን ይነግራችኋል።

መድኃኒቱ እንደ ጥልቀቱ ነው። ዋልካው 1 ሜትር ከ50 ላይ አልቆ ጠንካራ መሬት ከተገኘ ሁሉንም ቆፍሮ ፉቲንጉን (ኮለኑ፣ ማለትም ቋሚ ዓምዱ፣ የሚቆምበትን አርማታ) እዚያ ማሳረፍ ነው። ከዚያ በላይ ከወረደ መሐንዲሱ በወሰነው ልክ አፈሩ ወጥቶ ገረጋንቲ፣ ማለትም የተመረጠ ጠጠራማ አፈር፣ ይሞላል፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየተደረገ፣ እያንዳንዱ ንብርብር ውሃ እየጠጣ በኮምፓክተር (በመጠቅጠቂያ ማሽን) እየተጠቀጠቀ። አንድ ሜትር ገረጋንቲ ገልብጦ ላዩን ብቻ መምታት ምንም ማለት አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ከፉቲንጉ በኋላ ነው። የተቆፈረውን ዋልካ በመኪና አስጭኖ ማስወጣት ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ቀን ሠራተኛው እንዲሁ መልሶ ወለሉ ሥር ይሞላዋል። ግድግዳው በጥሩ ፉቲንግ ላይ ቆሞ ወለሉ ብቻ የሚነሳው፣ ሴራሚኩ እንደ ድንኳን የሚቆመው በዚህ ነው። መሠረት ሲሞላ አንድ ቀን ብቻ መገኘት የምትችሉ ከሆነ ያን ቀን ሁኑ።

ውሃውን ማራቅ ደግሞ ግማሹ ሥራ ነው። ጣሪያው አሸንዳ ይኑረው፣ አሸንዳው ውሃውን ከግድግዳው ሥር አያፍስስ። ዙሪያውን ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ ይደረግ። ፎሳው (የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ጉድጓድ) ከመሠረቱ ይራቅ፤ የሚያንጠባጥብ ፎሳ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥግ ብቻ ያረሰርሳል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፤ ውሃውን መጥጦ አፈሩን ያደርቃል፣ ያ ጥግ ይሰምጣል። ቢያንስ የቁመቱን ያህል ይራቅ። ደብረ ብርሃን ላይ ግቢ ሲከበብ ባሕር ዛፍ መትከል ልማድ ስለሆነ ይህን ስናገር ብዙ ሰው አይወድልኝም።

አሠርቶ ለሚገባ

ዋናው ጥቅሙ ፕላን መምረጡ ነው ይባላል። እኔ ግን በዚህ አገር ከፕላኑ ውበት በፊት ፀሐዩን አየዋለሁ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነች። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው፤ ሳሎኑና መኝታ ቤቱ መስኮታቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ካደረጉ ቤቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ለማታ ያቆያል። ያለቀ ቤት ግን መስኮቱን የሚያዞረው ወደ መንገዱ ነው። ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ብቻውን ቅዝቃዜ አይመልስም። የመንዝ ሰው በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ መኖሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ያንኑ ፕላን ብትሠሩት ደግሞ በሙቀትና በምስጥ ትቸገራላችሁ፤ እዚያ የሚያስፈልገው ሰፊ የጣሪያ ጥላና አየር የሚያስተላልፍ መስኮት ነው።

ወደ አርማታው ልመለስ። በዚህ ብርድ ሰው የማይጠነቀቅለት አንድ ነገር አለ፦ ሌሊት ውርጭ የመታው ትኩስ አርማታ። በመጀመሪያው ሌሊት ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ጥንካሬው ለዘለዓለም ይጎድላል፤ ኋላ ምንም ውሃ ብታጠጡት አይመለስም። ስለዚህ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሙሌት በጠዋት ይጀመር፣ ከሰዓት በፊት ይለቅ፣ ሲመሽ በፕላስቲክና በጭድ ይሸፈን። ቀን ደግሞ ደረቁ ነፋስ ያደርቀዋል፤ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። የቢምና የሶሌታ፣ ማለትም የአግድም ተሸካሚውና የጠፍጣፋው አርማታ፣ ድጋፍ እንጨት በሞቃት አገር ከሚነሳበት ቀን ዘግይቶ ይነሳ።

ሲሚንቶ መቁጠር ትችላላችሁ፤ መሐንዲስ መሆን አይጠይቅም። 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ50፣ ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፉቲንግ 0.9 ሜትር ኩብ ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ከታሰበ 324 ኪሎ፣ ማለትም ስድስት ተኩል ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ይፈልጋል። 12 ፉቲንግ ካለ 78 ከረጢት ግድም። ማታ ባዶ ከረጢቱን ቁጠሩ፤ 50 ብቻ ከሆነ ጥያቄ አላችሁ። ውሃው ለአንድ ከረጢት ከ25 እስከ 28 ሊትር ይበቃዋል። ሠራተኛው አርማታው እንዲፈስለት ሲል ሁልጊዜ ይጨምራል፤ የጨመረው ውሃ ሲተን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፣ ጥንካሬውም አብሮ ይሄዳል።

ፌሮም ይመዘናል። የ12 ቁጥር ፌሮ አንዱ ባለ 12 ሜትር ዘንግ 10 ኪሎ ከ700 ግራም ግድም መመዘን አለበት። ከ10 ኪሎ በታች ከሆነ 12 ተብሎ የተሸጠ ቀጭን ፌሮ ነው። አሸዋውን ደግሞ በቀጥ ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ፈትኑት፦ ግማሽ አሸዋ፣ ከላዩ ውሃና ትንሽ ጨው፣ መነቅነቅና እስኪጠራ መተው። ከአሸዋው ላይ የሚተኛው የደለል ንብርብር ከ6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ስታፋው ላይ፣ ማለትም የኮለኑን ቋሚ ፌሮዎች ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘው የፌሮ ቀለበት ላይ፣ ልቆይ፤ ምክንያት አለኝ። በ1953 ዓ.ም በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል። በ2017 ዓ.ም ታኅሣሥና ጥር ከፈንታሌ በኩል የመጣውን ንዝረት ብዙዎቻችን በአልጋችን ላይ ሆነን አውቀነዋል። ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው የምንኖረው። የስታፋው ጫፍ በ90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ ከቀረ ኮለኑ ሲወዛወዝ ይከፈታል፤ ወደ ውስጥ 135 ዲግሪ ይታጠፍ፣ ለ8 ቁጥር 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ጅራት ይኑረው። ኮለኑ ከቢሙ በሚገናኝበት ጫፍና ጫፍ ላይ ይጠጋጋ፣ ለምሳሌ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ፤ መሃል ላይ ንድፉ ያለውን ያህል። ፌሮ ሠራተኛው ሲቸኩል የሚያሳጥረው ይህችን እጥፋት ነው፤ አርማታ ከተሞላ በኋላ ማንም አያገኛትም።

ማሠራት የሚያዋጣው እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ለመቆም ጊዜ ላለው፣ ወይም ታማኝ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ በደመወዝ ለመያዝ ለቆረጠ ነው። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ተቀምጦ በየወሩ ለዘመድ ገንዘብ እየላኩ ማሠራት ከሁለቱም መንገድ የከፋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዘመድ ይወዳችኋል፤ ስታፋ ግን አያይም። ሌላው የሚያሰናክለው ገንዘቡ መሃል ላይ ማለቁ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፌሮው ራሱን አውጥቶ ሦስት ክረምት ሲዘንብበት ይዝጋል፣ ክዳን የሌለው ብሎኬት ውሃ ይጠጣል። እጃችሁ ላይ ያለው ብር ጣሪያ ድረስ የማያደርስ ከሆነ ቤቱን አሳንሱት፤ መሠረቱን ግን አታሳንሱ።

ያለቀ ለሚገዛ

ያለቀ ቤት መግዛትን አላጣጥልም። ዋጋው የታወቀ ነው፣ የሲሚንቶ ዋጋ በወር ሁለቴ ሲዘል እናንተን አይመለከትም፣ ልጆች ትምህርት ሳይከፈት ትገባላችሁ። ብቻ የጎደላችሁን ዓይን መልሳችሁ አግኙ።

የመጀመሪያው ክረምት ያየ ቤት መምረጥ ነው። ሁለት ክረምት ቢያይ ይበልጥ ጥሩ፤ ቀለሙ ትንሽ መደብዘዙ ዋጋ ለመቀነስም ይጠቅማችኋል። ሲታይ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም መጀመሪያ ይታይ፤ ውሃው የት እንደሚተኛ፣ ግድግዳው እስከየት እንደሚረጥብ፣ የቱ በር እንደሚይዝ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የመስኮት ጥጎችን እዩ። አንዱ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ምክንያቱን ጠይቁ። የዙሪያው ንጣፍ ከግድግዳው ተላቅቆ ከሆነ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። በኮርኒሱ መግቢያ ራስ አስገብቶ የጣሪያውን እንጨት ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ምስማሩንም ያላላል።

ከዚያ ወረቀት ይጠየቅ፦ የግንባታ ፈቃዱ፣ ማኅተም ያለው የመዋቅር ንድፍ፣ የአፈር ምርመራ፣ የአርማታ ናሙና (ኪዩብ) በ28 ቀኑ ተፈትኖ የተገኘ የጥንካሬ ውጤት፣ መሠረቱ ክፍት ሳለ የተነሳ ፎቶ። በ2001 ዓ.ም በወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ተራ የመኖሪያ ቪላ የሚመደበው በምድብ «ሀ» ነበር፤ ከሦስቱ ምድቦች ቁጥጥሩ የሚቀለውም በዚህ ነበር። ስለዚህ ብዙው ቪላ የአፈር ምርመራ የለውም። ፎቶ ግን ሁሉም ስልክ ላይ ይኖራል። መሠረቱን ፎቶ ያነሳ ሠሪ ብዙውን ጊዜ በሥራው የሚተማመን ነው። ምንም ከሌለ የአዛውንቱን ጥያቄ ጠይቁ፦ አንዲት ጉድጓድ። ቆፍሮ መልሶ ለመሙላት የአንድ ቀን ጉልበት ነው። የሚከለክላችሁ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ውሉ ላይ

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 መሠረት ሥራ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለጥንካሬው ዋስ ነው። የግንባታው ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ባረፈበት መሬት ዓይነት ምክንያት ለሚመጣ ጉዳትም ይጠየቃል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃል ዋጋ የለውም። «አፈሩ ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ» የሚል ተቋራጭ ሲገጥማችሁ ይህን አንቀጽ አስታውሱ። ገና ያልተሠራ ቤት አስረክባለሁ ብሎ የሚዋዋል ሻጭም እንደ ግንባታ ውል ነው የሚታየው። ያለቀ ቤት ግን ተራ ሽያጭ ነው፤ ገዢው ጉድለቱን ቶሎ አይቶ ቶሎ ማስታወቅ አለበት። ስለዚህ ያለቀ የምትገዙ ከሆነ የመሠረቱ ዋስትና በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ከዋጋውም የተወሰነው ቀጣዩ ክረምት እስኪያልፍ ይያዝ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት ፊት ካልተደረገ ለማይንቀሳቀስ ንብረት አይጸናም። በወረቀት ፕላን ብቻ ሙሉ ክፍያ የሚጠይቅ ካለ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው የሚሆነው፤ ክፍያው መሠረት፣ ኮለን፣ ጣሪያ፣ ማጠናቀቂያ እየተባለ ከሥራው ኋላ ይሂድ።

ባልና ሚስቱ ያን ቀን ቀብድ ሳይከፍሉ ተመለሱ። ሻጩ ጉድጓዱን ራሱ ሲሞላ አየሁት። ቤቱን ሌላ ሰው ገዝቶት ይሆናል፤ በዋልካ ላይ ተቀምጠው ይህን የምታነቡም ትኖራላችሁ። ለእናንተ የምለው ይህ ነው፦ ስንጥቁን በስቱኮ አትድፈኑት። ጫፉ ላይ በእርሳስ አጭር መስመር አስምሩና ቀኑን ጻፉበት፤ መሃሉ ላይ ከግራና ከቀኝ ሁለት ነጥብ አድርጋችሁ ርቀታቸውን በሚሊ ሜትር ለኩ። ይህን በሚያዝያ፣ በነሐሴና በታኅሣሥ ድገሙ። ክረምት እየጠበበ በጋ የሚከፈት ከሆነ አፈሩ ነው የሚተነፍሰው፤ አሸንዳውን አስተካክሉ፣ የዙሪያውን ንጣፍ ሥሩ፣ ፎሳውን አስፈትሹ። በሦስቱም ልኬት እየሰፋ ብቻ ከሄደ ግን ጥጉ እየሰመጠ ነው፤ ቁጥሮቹን ይዛችሁ መሐንዲስ ጥሩ።